ጂፕሰሙ ምን አለ?

ጋሽ ይማም ማረፋቸውን የሰማሁት ደጋን ውስጥ የአንድ አዲስ ሆቴል ጣሪያ ላይ ሽቦ እየሳብኩ ሳለ ነው። ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠርቶ አላነሳሁትም። መሰላል ላይ ሆኜ ስልክ አላነሳም፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወርጄ ስመለከት የደወለው ኑሩ ነበር።

“አስኩ፣ ጋሽ ይማም ወደ አኼራ ሄዱ” አለኝ። “ሱብሂን ሰግደው ጋደም እንዳሉ ነው። ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው፣ ድረሽ።” ቀጥሎም፣ “ከቀብር ስንመለስ ደግሞ እቤት ጎራ በይ። እናቴ ትፈልግሻለች” አለ።

ለምን እንደምትፈልገኝ አልጠየቅኩትም፤ ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ገብቶኛል። ፒንሳዬን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በሌላ ቀን ቢሆን ሹፌሩ ሰው እስኪሞላ ሲያስጠብቀን እጨቃጨቀው ነበር፣ አመሌ ነው። የዚያን ቀን ግን አፌ አልተላቀቀም። ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት ስንያያዘው፣ በዚሁ ዳገት በመኪና ተጭኖ የወጣው የመስታወት ገንዳ ትዝ አለኝ። ጋሽ ይማምን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ጋሽ ይማም ግንበኛ ነበሩ። እዚህ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ እጃቸው ያላረፈበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሳሳቸውን ከኮፊያቸው ሥር የሚሰኩ ሰው ነበሩ። አንድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ሰዉን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። በመሃል ጣታቸው አንጓ ቆርቆር ያደርጉትና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የፎቅ ወለል፣ እኛ ሶሌታ የምንለውን ማለቴ ነው፣ የሚመረምሩት ደግሞ ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው ነበር። “ጫማ ይደብቅብኛል” ይላሉ። እኛ ከኋላ ቆመን እንስቅ ነበር፤ ሳቃችንን እየሰሙ እንዳልሰሙ ያልፉናል።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በጂፕሰማቸው ነው። ግድግዳ ወይም ጣሪያ ላይ ስንጥቅ ካዩ፣ ጣት የምታህል ጂፕሰም በጥብጠው ስንጥቁን አሻግረው ይለጥፋሉ፤ ከጎኗም ቀኑን በእርሳስ ይጽፋሉ። ጂፕሰም መለጠጥ አያውቅም። ቤቱ የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ትሰነጠቃለች፣ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለች ትከርማለች። ጠዋት ሥራ ስንገባ ሰላምታቸው “ጂፕሰሙ ምን አለ?” ነበር፤ የታመመ ሰው እንዴት እንዳደረ እንደሚጠየቀው። “ዝም ብሏል” ካልናቸው “አልሐምዱሊላህ” ብለው ሥራ ይጀምራሉ።

እኔን የወሰዱኝ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ሴት ኤሌክትሪሺያን ማንም አልቀጥርም ሲለኝ ነው። “ከፍታ ትፈሪያለሽ?” ብለው ጠየቁኝ። ደረቴን ነፍቼ “አልፈራም” አልኳቸው። “እንግዲያው አትሆኚኝም፣ እኔ የሚፈራ ነው የምፈልገው” ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞር አሉና፣ “ምን ቆመሻል? ነይ፣ መፍራቱን እዚያ ትማሪያለሽ” አሉ። ብዙ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ጂፕሰሙ ዝም ብሏል ቢሉኝ አምናለሁ፣ ሰማዩ ተሰነጠቀ ቢሉኝም አምን ነበር።

እንግዲህ የኑሩ ቤት። ኑሩ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አያቱ ከየመን ተሻግረው ደሴ የቀሩ ናቸው። እናቱ ሐጃ ዘሀራ ደግሞ አሰብ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ወሬያቸው ግን ሁልጊዜ ባሕር ነው። ልጃቸው ይህን እየሰማ ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን ቆረጠ። ባሕሩን እቤት አመጣላታለሁ አለ። ርዝመቱ ሦስት ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ፣ ውሃው ውስጥ የሚሟሟ የባሕር ጨው፣ ቀለማቸው የሚያፈዝ ዓሦች፣ እናቱ መርጃን የሚሉት ሕይወት ያለው ድንጋይ፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ ሊመጣ ታዘዘ። የገንዳው ባለሙያ ቤቱ አስቀድሞ ምን ማሟላት እንዳለበት በስልክ ነገረን። ለፓምፖቹ የራሳቸው መስመር፣ መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚነሳ ጄኔሬተር፣ ውሃ ቢፈስ መውጫ ቱቦ። ይህ የእኔ ሥራ ነበር፤ ቱቦውን ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሆኜ ጨረስኩት። የጋሽ ይማም ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ወለሉ ከሦስት ቶን በላይ ይሸከማል ወይስ አይሸከምም?

ኑሩ ገንዳውን የፈለገው ፎቅ ላይ፣ እንግዳ በሚቀበልበት ሳሎን ነበር። ከሳሎኑ ሥር ሰፊው የዱአ ክፍል አለ። በየሐሙሱ ስልሳ ሰባ ሰው ተሰብስቦ ዱአ የሚያደርገው እዚያ ነው፤ የሐጃ ዘሀራ ፍራሽም እዚያው ነው የተነጠፈው። ጋሽ ይማም ሳሎኑ መሃል ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ወዲያ ወዲህ አላሉም። ቆመው ቀሩ።

“ታች ቢሆንስ?” አሉ በመጨረሻ። “ታች መሬት ነው። የፈለግኸውን ብትጭንበት ምንም አይለውም።”

“ታችማ የዱአ ቤት ነው፣ ጋሽ ይማም። ገንዳው ገብቶ ሰዉ የት ሊቀመጥ ነው? አባቴ ይስፋልን ሲል እርስዎ ራስዎ አይደሉ ያሰፉት?”

“ነኝ” አሉ፣ እግራቸውን እያዩ።

ከዚያ ሰበብ ይደረድሩ ጀመር። ደረጃው ጠባብ ነው፣ የጨው እንፋሎት ልስኑን ይበላል፣ መብራቱ አያስተማምንም። ጋሽ ይማም ሰበብ ሲደረድሩ አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ አዳመጥኳቸው። መብራቱን እኔ እንደምጨርሰው ልናገር ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። ኑሩም ትዕግሥቱ አለቀ። “ወለሉ አይችልም ነው የሚሉኝ? ይንገሩኝና ልተወው። ካልሆነ ሌላ ግንበኛ ያየዋል” አላቸው። ሌላ ግንበኛ የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። “ሌላ ሰው አታምጣ። ይሞከራል” አሉ።

ሙከራው እንዲህ ነበር። ሰኞ ዕለት ገንዳው በሚያርፍበት ቦታ አሥራ አምስት በርሜል ደርድረን ውሃ ሞላንባቸው። ጋሽ ይማም ታች ወርደው ጣሪያውን ሲያዩ፣ በልስኑ ላይ ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ የምትሄድ ቀጭን መስመር አገኙ። ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ጂፕሰማቸውን ለጠፉ፣ ቀኑን ጻፉ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ የገባሁት እኔ ነበርኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ ባይ ጂፕሰሙ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ምላጭ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው፣ ዓይኔ አልተሳሳተም። ስልኬን አውጥቼ ልደውልላቸው ስል ሲገቡ ሰማሁና፣ ራሳቸው ያዩታል ብዬ ወደ ጄኔሬተሩ ወጣሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። በአሮጌው ጂፕሰም ቦታ አዲስ ተለጥፏል፤ ከጎኑ ያለው ቀን የሰኞ ነው። ኑሩ ሻይ ይዞ እየሳቀ ገባ።

“ጂፕሰሙ ምን አለ፣ ጋሽ ይማም?”

“ዝም ብሏል” አሉ።

ኑሩ እስኪወጣ ጠብቄ ተጠጋኋቸው። “ጋሽ ይማም፣ እኔ ጠዋት ያየሁት ጂፕሰም ይኸ አይደለም።”

“አንቺ ኤሌክትሪክሽን ተመልከቺ።”

በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ጂፕሰሙን የሚያጣብቁበትን ቢላ፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ደጋግመው ሲጠርጉት አየሁ፤ ያን ስላየሁ አልጮህኩባቸውም። ለኑሩ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። ረቡዕን ሙሉ ሽቦ ስቆርጥና ስቀጥል ዋልኩ፤ ልክ ነው ብዬ የገጠምኩትን እየፈታሁ እንደገና ገጠምኩ። ራሴን የማታልለውም እሳቸው የሚያውቁት ነገር ይኖራል እያልኩ ነበር። በርሜሎቹ ተራገፉ። ጣሪያው ላይ ያለችው አዲሷ ጂፕሰም ንጹሕ ሆና ትታያለች። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ቀና ብዬ አያታለሁ። ከሥሯ ሐጃ ዘሀራ ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው በየሰዓቱ “መኪናው የት ደረሰ?” ይላሉ።

ሐሙስ መኪናው ሐረጎን ሲወጣ ባለሙያው ስልኩን አልዘጋም ነበር፤ በየመጠምዘዣው “አለን፣ አለን” ይለናል። ገንዳውን አሥራ አራት ሰው ተሸክሞ በጠባቡ ደረጃ አወጣው። ሁሉም ላብ በላብ ሆኖ “ቢስሚላህ” እያለ ሲያስቀምጠው የወለሉን ድምፅ ለመስማት ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነበር። ምንም አላለም። ባዶ ስለነበር ነው።

ኑሩ የዱአውን ሰው ለዚሁ ብሎ ቀደም አድርጎ ጠርቶታል። ውሃው ሲሞላ ከታች ዱአ ይደረግ፣ በረካ ይግባበት አለ። ስልሳ ሰባ ሰው ክፍሉን ሞላው፤ ሐጃ ዘሀራ መሃል ላይ ናቸው። ጋሽ ይማም ከበሩ አጠገብ፣ ከሰዉ መጨረሻ ተቀምጠዋል። እኔ ኮሪደሩ ላይ የብሬከሩ ሳጥን ጋ ቆሜያለሁ፤ ከጊቢው ሮቶ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋውን ፓምፕ የማበራውና የማጠፋው እኔ ነኝ። ከቆምኩበት ሁለት ነገር ይታየኛል። ጂፕሰሟ አንድ፣ የጋሽ ይማም ፊት ሁለት። ከላይ ባለሙያው “አብሪው!” አለኝ። አበራሁት።

ዱአው ተጀመረ። ውሃው በቱቦው ሲያልፍ ከጭንቅላቴ በላይ ይንሾካሾካል። “ሩብ ደርሷል” አለ ባለሙያው። ዱአውን የሚመሩት ሽማግሌ ለታመመ፣ መንገድ ለወጣ፣ ለዝናቡ ለመኑ፤ ሰዉ አሚን አለ። “ግማሽ ደርሷል!” ሲባል የጂፕሰሟ ጠርዝ ላይ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ጥላ ይሁን ስንጥቅ መለየት አልቻልኩም። እጄን ብሬከሩ ላይ አደረግኩ፣ ግን አልሳብኩትም። ከሳብኩት እሳቸውን በሰው ፊት ውሸታም ማለቴ ነው። ይህን እያሰብኩ ስልሳ ሰባ ሰው ከሥሩ መቀመጡን እያየሁ ነው፤ ዛሬም ይህ ያሳፍረኛል።

ያኔ ሽማግሌው ወደ ቤቱ ዞሩ። “የዚህን ቤት ግንበኛ እጅ አላህ ይባርከው” አሉ።

“አሚን!” አለ ክፍሉ በሙሉ።

ጋሽ ይማም አላሉም። እጃቸው ተዘርግቶ ነበር፤ ቀስ ብለው ወደ ጉልበታቸው አወረዱት። ከዚያ ተነሡ። በዱአ መሃል የሚነሣ ሰው ስለሌለ ሁሉም ዞሮ አያቸው።

“አስኩ፣ አጥፊው!” ሲሉኝ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ብሬከሩን ሳብኩት።

ውሃው ቆመ። “ጋሽ ይማም፣ ምን እያሉ ነው?” አለ ኑሩ።

“ቀስ ብላችሁ ተነሡና በዚህ በር ውጡ። ሐጃን ሁለት ሰው ይያዛቸው” አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። “እዚህ መሃል የነበረው ግድግዳ ክፍል መለያ ብቻ አልነበረም። ያንን ሶሌታ የተሸከመው እሱ ነው። የኑሩ አባት ሐጂ ክፍሉ ይስፋ ሲሉኝ ይቅርብን ብያቸው ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ሰዉ እጁን ዘርግቶ ሳለ ‘ይማም ይህን ግድግዳ ያነሳልናል፣ አሚን በሉ’ አሉ። ሰዉ አሚን አለ። እኔም አነሳሁት። ብረት አስገብቼ ደገፍኩት። ለሰውና ለወንበር ይበቃል። ለዚህ አይበቃም። ማክሰኞ ጂፕሰሙ ተሰንጥቆ ነበር፣ ቀየርኩት።”

ወሎ ውስጥ በዱአ መሃል የተለመነን ነገር እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ሰበብ ይመስለዋል። እዚያ የተቀመጠው ሰው ግን ሁሉም ገብቶታል፤ ለዚህ ነው ማንም ያልጮኸው። ሽማግሌዎቹ እየተደጋገፉ ወጡ። ሐጃ ዘሀራ “ሰዉ ይውጣ መጀመሪያ” ብለው እምቢ ስላሉ የወጡት በመጨረሻ ነው። እሳቸው በሩን እንዳለፉ ከጣሪያው ጭብጥ የምታህል ልስን ወድቃ ፍራሻቸው ላይ ተበተነች።

ጊቢው ውስጥ ኑሩ የጋሽ ይማምን ኮት ጨምድዶ ያዘ። ሕይወቱን በሙሉ “እርስዎ” ሲላቸው የኖረ ሰው “አንተ” አላቸው። “ይህን ሁሉ ዓመት እናቴን ከሥሩ አስተኝተህ! አንተ!” አለ። እጃቸውን እንኳ ለመከላከል አላነሡም። ከኋላው ሐጃ ዘሀራ በሁለት ሰው ተደግፈው ቆመዋል።

“ልቀቀው ኑሩ። አባትህ ሲለምነው እኔ መጋረጃው ጋ ነበርኩ” አሉ። “ሦስት ጊዜ ይቅርብን ሲለው ሰምቻለሁ።”

“ሦስት ጊዜ ብያለሁ፣ ሐጃ” አሉ ጋሽ ይማም። “አራተኛውን አላልኩም። አፉ በሉኝ።”

“አራተኛውን ዛሬ አልክ” አሉ ሐጃ። ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞሩና፣ “አንተስ ብትሆን ገንዳውን ፎቅ የሰቀልከው ለማን ነው? እኔ መች ፎቅ ወጥቼ አውቃለሁ?” አሉት። ኑሩ ኮቱን ለቀቀ።

ውሃውን በሰገነቱ በኩል በቱቦ አፈሰስነው። በማግስቱ ጋሽ ይማም በዱአው ክፍል መሃል ሶሌታውን የሚሸከሙ ሁለት ኮለን ሊያቆሙ ብቻቸውን መጡ። ረዳት አልፈለጉም፣ ኑሩም አላናገራቸውም። ብሎኬት ሲሸከሙ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ እየሰማሁ ብሬከሬን የምጠግን አስመሰልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ኑሩ ሸሚዙን አውልቆ ሲሚንቶ ሲያቦካላቸው አየሁ። ገንዳው ታች፣ መሬቱ ላይ፣ ከሐጃ ፍራሽ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ክፍሉ ጠበበ፤ ሰዉ በየሐሙሱ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መቀመጥ ለመደ። ዓሦቹ የገቡ ቀን ሐጃ ዘሀራ መስታወቱ ላይ ግንባራቸውን ደግፈው አለቀሱ።

የጋሽ ይማም ስም ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ወሬው በአንድ ቀን ደሴን ዞረ፤ ሥራ የሚሰጣቸው ሰው ቀነሰ። እሳቸው ደግሞ ሳይጠሩ የሠሯቸውን ቤቶች አንድ በአንድ እየዞሩ ማንኳኳት ጀመሩ። “ሶሌታህን ልየው፣ ጫማዬን ላውልቅ” ይላሉ። አንዳንዱ አስገባቸው፣ አንዳንዱ በር ዘጋባቸው። እኔም አንዳንዴ መሰላል ይዤ እከተላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ለምን ጂፕሰሙን እንደቀየሩት ጠየቅኳቸው። “አንቺ ልጅ፣ መፍራትን አስተምርሻለሁ ብዬ አልነበር? እኔ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር” አሉኝ። ስማቸውን ማለታቸው ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ኑሩ ቤት ግን በየሐሙሱ ይመጣሉ። በኮለኑና በጣሪያው መጋጠሚያ ላይ አንዲት ጂፕሰም ለጥፈው ነበር። ወንበር ላይ ወጥተው ያይዋታል፣ ከጎኗ የዕለቱን ቀን ይጽፋሉ፣ ሐጃ ከፍራሻቸው ሆነው “ጂፕሰሙ ምን አለ?” ይሏቸዋል፣ “ዝም ብሏል” ብለው ይወርዳሉ። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ሐጃ ያችን ጥግ አላስነኩም።

ቀብሩ ላይ ሰዉ ብዙ ነበር። በር የዘጉባቸውም መጥተዋል፤ አንዱን ገላምጬዋለሁ፣ አልደብቅም። ከዚያ ወደ ኑሩ ቤት ሄድኩ። የገንዳው ሰማያዊ መብራት ክፍሉን ሞልቶታል፣ ፓምፖቼ በቀስታ ያንጎራጉራሉ። ሐጃ ዘሀራ በጣም ከስተዋል፤ ዓይናቸው ዓሦቹን ሳይሆን ጣሪያውን እያየ ነበር።

“ሐሙስ ነው” አሉኝ። “እሱ የለም። ውጪና እዪልኝ።”

ወንበሩን አቀረብኩ። ልወጣ ስል ቆም አልኩና ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅኩ። ከጂፕሰሟ ጎን ቀኖቹ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው ያለፈው ሐሙስ ነው። ጠጋ ብዬ በስልኬ መብራት አየኋት፣ በጣቴም ዳሰስኳት።

“ጂፕሰሙ ምን አለ?” አሉ ሐጃ።

“ዝም ብሏል፣ እማማ ሐጃ።”

“ጻፊዋ።”

እርሳሴን አውጥቼ ከእሳቸው ጽሑፍ ሥር ቀኑን ጻፍኩ። ቁጥሬ እንደ እሳቸው አላማረም። ዞር ስል ሐጃ ዘሀራ ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ኑሩም በሩ ላይ ቆሞ ዘርግቷል።

“የዚህን ቤት ግንበኛ እጅ አላህ ይባርከው” አሉ ሐጃ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ወንበሩ ላይ ባዶ እግሬን እንደቆምኩ፣ ከሁሉም ቀድሜ “አሚን” አልኩ።